ለሞተሩ የከበደው ስጦታ

ሀይደር መሀረቡን ፈትቶ ፕሮፔለሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ትህትና ቀድማ ያየችው ጣቶቹን ነበር። አሁን በሳሙና የታጠቡ፣ ዘይት ያልነካቸው ጣቶች ናቸው። ሰው ከወርክሾፕ ሲወጣ ይታጠባል እንጂ ሊገባ ሲል እጁን የሚታጠብ አይታ አታውቅም።

“ለጀልባዋ ነው” አለ ሀይደር፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ።

ፕሮፔለሩ ከናስ የተሠራ፣ ሦስት ክንፍ ያለው ነው። በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ እያንዳንዱ ክንፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ትህትና ስፋቱን በዓይኗ ለካችው። ሰፊ ነው። እነሱ ለመረጡት ሞተር በጣም ሰፊ ነው።

ሁለቱም የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ረዳቶች ናቸው። ክልሉ አዲስ፣ ዩኒቨርሲቲው ከክልሉም አዲስ፣ ከአሶሳ ወደ ግቢው የሚወስደው መንገድ ገና ጠጠር ላይ ነበር። በዚያ ዓመት የሳይንስ ሳምንት ሲከበር በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ የውድድር ጀልባዎች እንዲሽቀዳደሙ ተወሰነና፣ የወርክሾፑ ኃላፊ ጫኔ ትህትናንና ሀይደርን አንድ ላይ መደባቸው። ጀልባዋ የክንድ ርዝመት አላት፤ ቀይ ቀለም ቀብተዋታል። ከመጡት ሁለት ሞተሮች ትንሹ በአንድ ቮልት በደቂቃ ወደ አራት ሺህ ዙር የሚሽከረከር ነው፤ ጫኔ “ቀልቃላው” አለው። ትልቁ የዚያን ግማሽ ብቻ ስለሚዞር “ሽማግሌው” ተባለ።

የመረጡት ቀልቃላው ትንሽ ፕሮፔለር ይወዳል። ሰፊ ከገጠሙለት ውሃው ይከብደዋል፤ ያን ክብደት ለመግፋት ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ይህን ትህትና ታውቃለች። ለዚህም ነው ባለሁለት ክንፍ ትንሽ የፕላስቲክ ፕሮፔለር ገጥመውለት፣ በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ፈትነውት፣ ሁሉም ነገር አለቀ ብለው የነበረው።

“አይመጥነውም” ልትል አፏን ከፈተች። የሀይደርን የታጠቡ ጣቶች እንደገና አየቻቸው።

“ያምራል” አለች።

“ወደድሽው?”

“በጣም።”

መፍቻዋን አነሳችና ፕላስቲኩን ፈትታ ናሱን ገጠመችው። ሀይደር አጠገቧ ቆሞ ያያል። አንድ ጊዜ ትንፋሹን ሰብስቦ ሊናገር የፈለገ መሰላት፤ ጠበቀችው። ግን መሀረቡን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ትህትና ብቻዋን ስትቀር፣ የፈታችውን ፕላስቲክ አልጣለችም፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

*

ወንድሟ በቃሉ በዚያው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬና በነቀምት በኩል ሁለት ቀን ተጉዟል። አባታቸው ካረፈ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። የመጣውም ትህትናን ይዟት ሊመለስ ነው። አሶሳ በተመደበች በመጀመሪያው ክረምት፣ ማልቀስ የዕለት ሥራዋ በነበረበት ጊዜ፣ ወደ አገሯ ቅርብ ወደሆነ ዩኒቨርሲቲ ዝውውር ጠይቃ ነበር። ያኔ የጠየቀችው ዝውውር አሁን ደረሰላት። አሁን፣ ማልቀስ ከተወች በኋላ። እሁድ ማለዳ ከወንድሟ ጋር አውቶቡስ ከተሳፈረች፣ በእሷና በሀይደር መካከል ያለው ነገር ሳይጀመር ያልቃል።

በአውቶቡስ ተራው ማዶ ካለ ምግብ ቤት ተቀምጠው በቃሉ ሽሮውን ሳይነካ ያያታል።

“ጠቁረሻል።”

“ፀሐዩ ነው ጋሼ።”

“እማዬ አልጋሽን አንጥፋ ነው የምትጠብቅሽ። የማኅበሯ ሴቶች ‘ልጅሽ የሱዳን ሰው ሆና ቀረች ወይ’ እያሉ ሲያሾፉባት ከርመዋል። አሁን አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።” ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታውን ሰበሰበው። “እሷ እንደምትለው ደስ ያለሽ አትመስዪም።”

“ደክሞኝ ነው።”

“ለመንገድ ዝግጁ ነሽ አይደል?”

ሳትመልስ ሀይደር በሩ ላይ ታየ። እንግዳ መምጣቱን ሰምቶ ሰላም ሳይል መቅረት ስላልሆነለት ነው። በሁለት እጁ ጨበጠው፤ መንገዱን፣ ጤናውን፣ የቤተሰቡን ደህንነት፣ የዘንድሮውን አዝመራ አንድ በአንድ ጠየቀው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣

“የትህትና ዝውውር በመድረሱ ሁላችንም ደስ ብሎናል” አለ። “ጫኔ ነገረን።”

ትህትና ለሀይደር አልነገረችውም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልትነግረው እየፈለገች፣ ፊቱ ላይ የምታየውን ፈርታ ዝም ብላ ነበር። አሁን ያን ፊት አየችው፤ ምንም አይነበብበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑ ወደ እሷ መጥቶ፣ ትኩስ ነገር እንደነካ እጅ ፈጥኖ ተመለሰ።

“ቅዳሜ ውድድሩን እንዲያዩልን” አለው ለበቃሉ፣ ከእሱ ብዙም የማይበልጠውን ሰው አንቱ እያለ። “ከመሄዳችሁ በፊት።”

ከወጣ በኋላ በቃሉ በሩን እያየ ቆየ። “ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው” አለ። “እንዲህ ያሉ ሰዎች መሀል መሆንሽን ባውቅ ኖሮ እንዲያ አላስብም ነበር።”

ደስ ብሎናል። ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሊከለክላት አልፈለገም ማለት ነው። እስከዛሬ ብቻዋን ስታስብ፣ ብቻዋን ስትደነግጥ ኖራለች ማለት ነው። ሽሮው ላይ አቀርቅራ፣ የፈሰሰው እንባዋ እንዳይታወቅባት ቃሪያውን ሰበብ አደረገች።

*

ዓርብ ጠዋት ትህትና ከሁሉም ቀድማ ወርክሾፕ ገባች። ናሱን ፈትታ ፕላስቲኩን ልትመልስ ነው። ብትሄድም ጀልባዋን አቃጥላ መሄድ አልፈለገችም። መፍቻዋን ይዛ ጎንበስ እንዳለች የሀይደር ታላቅ እህት ዐዋጢፍ በሩን ገፍታ ገባች። ዐዋጢፍ ሬጅስትራር ነው የምትሠራው፤ ሻሿ ሁልጊዜ ከቀሚሷ ጋር ይስማማል። ልጅነቷን በበርታኛ ብቻ ስላሳለፈች አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። በዚህም ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

“አንተ ትህትና! ሰው ገና አልነቃ፣ አንተ እዚህ ነህ?”

“ትንሽ ሥራ ቀርቶኝ ነው።”

ዐዋጢፍ ቀረብ ብላ ጀልባዋን አየቻት፤ ናሱን ስታይ ሳቀች። “ይሄ ነው? ይሄ ነው ቤቴን ያበላሸው?”

“እንዴት?”

“አጎታችን ከኻርቱም በኩርሙክ ድንበር በኩል ላከለት። ሲመጣ ጥቁር ነው፣ ዝገት ነው። ሀይደር በአመድ ያሻል፣ በሎሚ ያሻል። እኔ ለምግብ ሎሚ ፈለግሁ፣ ሎሚ የለም። ‘ብረት ሎሚ በላ’ አለኝ። ወላሂ እንዲህ ሲያሽ ለሚስት ነው ብዬ ነበር።” የትህትናን ትከሻ መታ አደረገች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ያንተ ወንድም መጣ አሉ። እሁድ ትሄዳለህ?”

ትህትና መፍቻዋን ጨበጥ አድርጋ ናሱን አየች።

“ኸላስ፣ በቃ” አለች ዐዋጢፍ ቀስ ብላ። “አልጠየቅሁም።” ለመሄድ ዞራ በሩ ላይ ቆመች። “ሀይደር ትናንት እራት አልበላም። ሆዴን አመመኝ አለ። ሆዱ አይደለም።”

ኮቴዋ እስኪጠፋ ትህትና አልተንቀሳቀሰችም። በአመድና በሎሚ የታሸ ነገር እንዴት ይፈታል? መፍቻዋን መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተቻት። እያወቀች የተሳሳተችው ስህተት እንዲህ ልብ ይነካል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

*

ሀይደር ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ ጀልባዋን ይዘው በባጃጅ ወጡ። ውድድሩ የሚደረገው ከከተማው ወጣ ብሎ ለከብት ውሃ በተቆፈረው ኩሬ ላይ ነው። ጥቅምት ስለሆነ ኩሬው ሞልቷል። መዞሪያዎቹን የሚያሳዩ የቀርከሃ እንጨቶች ተተክለዋል። ዳር ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። በመንገድ የተነጋገሩት ስለ ባትሪው ብቻ ነው።

ትህትና ሪሞቱን ይዛ በአውራ ጣቷ ገፋችው። ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተፈተለከች። የመጀመሪያውን ቀርከሃ አለፈች። ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተለወጠ፤ ፉጨቱ ወፍሮ ማቃሰት ሆነ። ትህትና ጣቷን ማንሳት ነበረባት። አላነሳችም፣ ሀይደር ምንም አላለማ። ሀይደርም ምንም አላለም፣ እሷ ጣቷን አላነሳችማ። ከጀልባዋ ሆድ ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ሀይደር ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና አመጣት። ክዳኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ሁለቱንም አሳላቸው።

“ተቃጥሏል” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ሽቦው በሙሉ ነው የ…”

“እንደሚቃጠል አውቅ ነበር ነው የምልህ።”

ቀና ብሎ አያት። “ከመቼ ጀምሮ?”

“መሀረቡን ስትፈታ።”

“ታዲያ ለምን ገጠምሽው?”

“አንተ ስላመጣኸዋ!” ድምጿ ከፍ ማለቱ እሷንም አስደነገጣት። በሥራ ላይ እያለች ጮኻ አታውቅም። “አይመጥንም ብልህ ቅር እንዳይልህ ብዬ።”

ሀይደር ጀልባዋን ሣሩ ላይ አስቀመጣት። ውሃ ከሱሪው ይንጠባጠባል።

“እኔም አውቅ ነበር” አለ።

“ምኑን?”

“እንደሚበዛበት። ስትገጥሚው ቆሜ አየሁሽ። የወደድሽው መሰለኝ። ደስታዋን ከማጠፋባት ሞተሩ ይቃጠል አልኩ።”

“የማይሆን መሆኑን እያወቅህ ለምን አመጣኸው ታዲያ?”

“ለጀልባ አይደለም ያመጣሁት።”

“‘ለጀልባዋ ነው’ ብለሃል።”

“ብያለሁ።” ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠረገ። “ሌላውን ማለት አቃተኝ። መሀረቡ ውስጥ የነበረው ለአንቺ ነው። የሚያምር ነገር ልሰጥሽ ነበር፤ እኔና አንቺ የምናውቀው ሌላ የሚያምር ነገር ምን አለ?”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቃል ለወራት ይበቃት ነበር። አሁን ግን አልበቃትም። የታፈነው ሁሉ አብሮ ወጣ።

“ትናንት ግን ደስ ብሎናል አልክ። ወንድሜ ፊት። ሁላችንም ደስ ብሎናል አልክ።”

“ከጫኔ አፍ ነው የሰማሁት ትህትና። ከአንቺ አይደለም። ልትነግረኝ አልፈለገችም፣ መሄድ ፈልጋለች፣ የእኔ ፊት ደግሞ ይከብዳታል አልኩ። ደስ ብሎናል ካልኩ መሄዱ ይቀልላታል ብዬ ነው።”

“እንዲቀለኝ ማን ለመነህ?”

“ምን ልበል ታዲያ? ለወንድምሽ ምን ልበለው? እኔ ሀይደር ነኝ፣ በርታ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ሁለት ቀን ተጉዘህ የመጣህላትን እህትህን ትተህ ተመለስ ልበለው?”

“ለእሱ አይደለም። ለእኔ።”

ነፋሱ ውሃውን አሻከረውና አለፈ። ሀይደር ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ዘጋ። ትህትና አልረዳችውም። እስከዛሬ የሚቸግረውን ቃል ሁሉ ቀድማ ስታቀብለው ኖራለች፤ ይህን ግን ራሱ ያምጣው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

“አትሂጂ” አለ።

ድምፁ በቅርብ ካልሆነ የማይሰማ ነበር። ትህትና ሰማችው። ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

“ይህን ሐሙስ ብትለኝ” አለች፣ “ሞተሩ በተረፈ።”

ሀይደር መሳቅ ጀመረ፤ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ እጁን ሲያነሳ ዓይኑ ቀልቷል። ከእሷ ክንድ አንድ ያህል ርቆ ተቀመጠ። ጀልባዋ በመካከላቸው ነበረች።

“የእኔ ቤትም ቀላል አይደለም” አለ። “ዐዋጢፍ ትስቃለች፤ አባቴ ግን አይስቅም።”

“የእኔ እናት ትታመማለች።”

“ምን እንደምናደርግ አላውቅም።”

“እኔም አላውቅም።”

እንዲህ አብሮ አለማወቅ እንደዚህ ያሳርፋል ብላ ትህትና አስባ አታውቅም።

ወደ ወርክሾፕ ተመልሰው የጀልባዋን ሆድ ፈቱ። የቀረው ሽማግሌው ብቻ ነው። እሱን ለመግጠም መሠረቱን ወደፊት መግፋት፣ ባትሪውን ወደ ኋላ ማምጣት ነበረባቸው። ሀይደር ናሱን አንስቶ በጥርጣሬ አየው።

“ሽማግሌው ዙሩ ትንሽ ነው፤ ምናልባት…”

“አይሆንም” አለች ትህትና። “ለእሱም ይከብደዋል። ደግሞ የእኔ ነው።” ከእጁ ወስዳ ኪሷ ከተተችው። “የጀልባዋ አይደለም።”

ሀይደር መካከለኛውን ባለሁለት ክንፍ ፕላስቲክ መረጠ፤ እሷ ከዚያ አነስ ያለውን።

“ያንቺ ያዘገየናል።”

“ያንተ ባትሪውን ሳይጨርስ አይቀርም።”

“ትፈሪያለሽ።”

“አንተ ደግሞ ትቸኩላለህ።”

ሳፋውን ሞልተው፣ ጀልባዋን በገመድ ከኋላ አስረው፣ የአምፔር መለኪያውን ከባትሪው ጋር አገናኝተው ሁለቱንም ፈተኑ። የእሱ አሸነፈ፤ መለኪያው ሽማግሌው ከሚችለው በታች ቆመ፤ ሞተሩን በእጇ ስትነካው ለብ ከማለት አላለፈም። መሸነፏን በፈገግታ ሳታድበሰብስ፣ “እሺ፣ ልክ ነህ” አለችው። ከዚህ በፊት ልክ ነህ ስትለው፣ ልክ መሆኑን አስባበት አታውቅም ነበር።

*

ቅዳሜ ኩሬው ዳር ሰው ሞላ። ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ መጥተው በዚያው የቀሩ ገበሬዎች። ጫኔ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ያሟሙቃል። “ቀይዋን ጀልባ ተመልከቱልኝ፤ ቀልቃላው በድንገት ስላረፈ ሽማግሌው በጡረታ ከወጣበት ተጠርቷል።” ሰው ሳቀ።

ትህትና በሕዝቡ መካከል ወንድሟን ፈለገችው። በቃሉ ከኩሬው በወጣው የአፈር ቁልል ላይ ብቻውን ቆሟል። ነጭ ጃኬቱን ለብሷል፤ ለመንገድ የሚለብሰውን። ጉዞው ነገ ማለዳ ነው።

የማስጀመሪያው ፊሽካ ተነፋ። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ጥለውት ሄዱ። ሀይደር አጠገቧ ትንፋሹን ይዟል። ትህትና ሪሞቱን እያየች አንድ ነገር ገባት፤ ይህ ውድድር እስኪያልቅ ከቆየች፣ ከዚያ ሽልማቱ፣ ከዚያ ፎቶግራፉ፣ ከዚያ ምሳው ይመጣል፤ ከዚያ ለወንድሟ ለመንገር የማይመች ሰዓት ሁሉ ሰበብ ይሆናታል። ራሷን ታውቀዋለች።

“ያዝልኝ” አለች።

“አሁን? መዞሪያው ላይ ነን እኮ።”

“አሁን ነው።”

ሪሞቱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የት እንደምትሄድ ገባው። “አብሬሽ ልምጣ?” አለ።

“አይ። ጀልባዋን ተመልከት።”

የአፈሩን ቁልል ወጣች። ከኋላዋ ጫኔ ሁለት ጀልባዎች ቀርከሃው ላይ መጋጨታቸውን ያበስራል፤ ሕዝቡ ይጮኻል። ዞራ አላየችም።

“ጋሼ” አለች። “እኔ ነገ አልሄድም።”

በቃሉ ከኩሬው ዓይኑን አልነቀለም። “ያ ልጅ ነው?”

“እሱም ነው። እኔም ነኝ። መቅረት የምፈልገው እኔ ነኝ።”

“ስሙ ማን ነበር?”

“ሀይደር።”

በቃሉ ጃኬቱን ከፈተ፣ መልሶ ቆለፈ። “በሁለት እጁ ጨበጠኝ” አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነበር። “ሃይማኖቱን ምን ልታደርጉት ነው?”

“አላውቅም። እሱ የእሱን እንዲተው አልጠይቀውም፤ እኔም የእኔን አልተውም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገና አልተነጋገርነውም።”

“ምንም ሳትነጋገሩ ልትቀሪ?”

“ልነጋገር ነው የምቀረው።”

“ትህትና፣ እኔ ምን አለኝ። እኔን ተዪኝ።” የጃኬቱን አቧራ አራገፈ። “እማዬን ምን ልበላት? አልጋውን ስታነጥፍ ያየሁት እኔ ነኝ። ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልበላት?”

“አንተ ምንም አትላትም። እኔ እነግራታለሁ። ደውልልኝ።”

“አሁን?”

“ኋላ ከሆነ አልነግራትም ጋሼ። ታውቀኛለህ።”

በቃሉ ትኩር ብሎ አያት። በልጅነቷ ዳቦ ሲያድሉ የሷ ድርሻ ሲቀማ ዝም ትል የነበረችውን እህቱን የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለና፣ ምንም ሳይል አቀበላት። ጀርባውን ሰጥቷት ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ፤ ግን አልሄደም።

ስልኩ ይጠራል። ከታች ሕዝቡ ይንጫጫል፤ ማን እንደቀደመ አይለይም። ሀይደር ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ እሷ አዙሮ ቆሟል።

“ሃሎ?” አለች እናቷ ከሩቅ። “በቃሉ?”

“እኔ ነኝ እማዬ። ትህትና ነኝ።”

“ልጄ። ደህና ነሽ?”

ከአሶሳ በደወለች ቁጥር የምትመልሰው “ደህና ነኝ” ራሱ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። ከወረደ በኋላ ለሚቀጥለው ቃል ቦታ ተገኘ።

“ፈርቻለሁ እማዬ” አለች። “የምነግርሽ ነገር አለ፤ እስክጨርስ፣ ብታለቅሺም አትዝጊብኝ።”

ከማዶ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። እናቷ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ትህትና ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

“እየሰማሁሽ ነው” አለች እናቷ።